ኖራ ያልሆነው ነጭ ዱቄት

ኮልፌ ቀራንዮ፣ መስከረም 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፣ ለጓድ ሰብስቤ ዳባ፤

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ለአብዮቱ በዓል የተቀባው የቀበሌው አጥር እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ የኬሚስትሪ መምህርቷ ወለተጻድቅ መኳንንት ደኅና ነኝ። ልጄ እሙ ግን ሆዷን ይዛ ተኝታለች። እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1ኛ. ቦኗችን ከደረቀ ወዲህ የምንጠጣው፣ ከላያችን ያለው ፋብሪካ ብረት በኒኬልና በክሮም የለበጠበትን እጣቢ የሚደፋበትን ወንዝ መሆኑን በየስብሰባው ስናመለክት በትዕግሥት አዳምጠው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ስለተሻገሩ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ከስምጥ ሸለቆ አስመጥቼ፣ በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ በመድኃኒት አሽቼ፣ ውሃ ማጣሪያ እንዲሆን በርሜል ውስጥ ያነጠፍኩትን ነጭ ዱቄት ኖራ ነው ብለው፣ እኔንም ለበዓሉ የሚፈለግ ኖራ የደበቀች አሻጥረኛ አሰኝተው በጥበቃ ጓዶች ስላስወሰዱት ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። ዱቄቱ ሲሊካ ይባላል። በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ሞልተውታል፤ ውሃው ሲያልፍበት የሟሟውን ኒኬልና ክሮም ይዞ ያስቀራል። ይህንን ለጓዶቹ እየለመንኩ አስረድቻለሁ፤ እነሱ ግን ያዩት ነጭነቱን ብቻ ነበር።

3ኛ. አጥርዎን የቀባችሁበት ዱቄት ኖራ ስላልሆነ ግንብ ላይ አይዝም። የበዓሉ ማግስት ዝናብ ከአጥርዎ አጥቦ ወደ ወንዙ ወስዶታል። ቀበሌው ለዚያ ወንዝ ያደረገው ብቸኛ እርዳታ ይኸው ስለሆነ እንኳን ደስ አለዎት።

4ኛ. ምስጋናዬ እዚህ ላይ አለቀ። ተናድጃለሁ፣ ጓድ ሊቀ መንበር። እሙ አምና ከአልጋ የተነሣችው በዚያ በርሜል ውሃ ነው። አሁን እንደገና ወድቃለች፤ ሐኪሙም ንጹሕ ውሃ ትጠጣ ከማለት ሌላ ያዘዘላት ነገር የለም። ለሚቀጥለው በዓል ብለው መጋዘን አስገብተው ያስቆለፉበትን የተረፈ የዱቄት ጆንያ ይመልሱልኝ። ይህንን የምጠይቀው በትሕትና አይደለም።

ለአጥርዎ ንጣትን፣ ለልጄ አንድ ብርጭቆ ውሃ የምትመኝ፣
አሻጥረኛዋ ወለተጻድቅ መኳንንት

ግልባጭ፦ ከወንዙ ለሚቀዱ ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ በየማለዳው ከበርሜሌ ጀሪካን ስትሞላ የነበረችው ዋጋነሽ የእርስዎ ቤት ሠራተኛ ናት። ባለቤትዎ ለልጆቻችሁ ከዚያ ውሃ በቀር እንዳይሰጣቸው አዝዘዋት ነበር። ዱቄቱ ከተወሰደ ወዲህ በርሜሉ ባዶ ስለሆነ ዛሬም ከወንዙ ቀድታ ሄደች። እባክዎ፣ ማፍላት ኒኬሉንና ክሮሙን ከውሃው እንደማያወጣ ለቤትዎ ይንገሩልኝ።