የዳማ ጾም

ውድ ሐሚዳ፣

እንደምን ከርመሻል ብዬ እንዳልጀምር መልሱን የሚያመጣልኝ ሰው የለም። እኔን ብትጠይቂኝ አለሁ። ጉልበቴ ክረምቱን እንደ ልማዱ ሲያመኝ ከረመ፣ እህቴ ዘርትሁንም እንደ ልማዷ ስትጨቀጭቀኝ ከረመች። ይህን የምጽፍልሽ የዳማን ነገር ልነግርሽ ነው። ለሌላ ሰው ባወራው "ለውሻ ነው ይሄ ሁሉ?" ይለኛል። አንቺ እንደማትይኝ ስለማውቅ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት።

አንቺ ስትሞቺ እኔ ሾላ ገበያ ነበርኩ። ጥር ነበር። የሁዳዴን እህል አስቀድሜ ልሸምት በጠዋት ስወጣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለሽ "ስኳሬ ከፍ ብሎ አድሯል እንጂ ደህና ነኝ፣ ነጭ ሽንኩርት ካገኘሽ አምጪልኝ" አልሽኝ። እሺ ብዬሽ ሄድኩ። አመሻሽ ላይ ስመለስ በራፍሽ ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ወንዶቹም ቀብረውሽ ተመልሰዋል። የናንተ ደንብ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ማንንም አልወቅስም። ቤትሽ ገብቼ ልጮህ አፌን ስከፍት አንዲት ትልቅ ሴት፣ አክስትሽ ይመስሉኛል፣ ክንዴን ያዝ አድርገው "ልጄ፣ በኛ ጮኾ ማልቀስ አይወደድም። ዱዓ አድርጊላት" አሉኝ። አከበርኳቸውና ዋጥኩት። ለቅሶሽ ውሃ ሳመላልስና ሰሃን ሳጥብ አለቀ። አንዲት ጠብታ ከዓይኔ አልወጣችም። ሰው ሁሉ "የሺመቤት ምን ዓይነት ደረቅ ናት" ብሎኝ ይሆናል።

ዳማን ያመጣኋት ሠፈራችን ሌባ የበዛበት ጊዜ ነበር። ሌባ ልታስፈራ ቀርቶ ድመት የምታባርራት ቡችላ ነበረች። በመጀመሪያው ሁዳዴ በቆርቆሮው አጥር ሥር አፍንጫዋን አሾልካ ወደ ድስትሽ ሽታ ስታላዝን ሰማሻት። "የሺ፣ እናንተ ለነፍሳችሁ ጹሙ። ይቺ ምን በድላ ነው?" አልሽና በአጥሩ ላይ አጥንት ወረወርሽላት። ከዚያ ወዲህ ዳማ አንድም ጾም ጾማ አታውቅም። በኛ ጾም ካንቺ፣ በናንተ ረመዳን ቀን ቀን ከኛ። ያን ያህል ዘመን በአጥር ተዋስነን ስንኖር እኔ ያንቺን ሥጋ አልቀመስኩም፣ አንቺም የኔን አልቀመስሽም፤ የሁለታችንንም የምትበላ እሷ ብቻ ነበረች። ዘርትሁን "የዚችስ ሃይማኖቷ አልታወቀም" ትል ነበር። አንድ ቀን ሳታስቢው እጅሽን ልሳሽ፣ እንደ ደንባችሁ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ እየታጠብሽ "ወዳኛለች መቼስ፣ ሶላቴን ግን አስረፈደችብኝ" ብለሽ ስትስቂ አሁንም ይሰማኛል።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ተያይዘው ገቡ። አጥንት የሚወረውር የለም። ልጅሽ ሊባን ኤርፖርት ካርጎ ፈረቃው ስለሚለዋወጥበት ቤት አይገኝም። ዳማ የኛን ትራፊ መብላት ያዘች፤ ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ቀይ ስር። ከሳች። "ጾሙ ነው" አልን። ቀጥሎ ሽንቷ ቀላ። ሲሚንቶው ላይ አይቼ ስደነግጥ ዘርትሁን "ቀይ ስሩ ነዋ! እኔስ በልቼ ሲቀላብኝ ደንግጬ አላውቅም?" አለች። ነገሩ እውነት ነው፣ ሰውም ላይ ይሆናል። ስቀን ተውነው። ቁጢጥ ብላ ብዙ ስትቆይና ጠብ ጠብ ብቻ ሲልላት ደግሞ "አርጅታለች" አልን። ለሁሉም ነገር መልስ ነበረን።

ከመልሶቹ ሁሉ እኔ የወደድኩት ግን ሌላ ነበር። ምግቧን አሽትታ ትታው አጥሩ ሥር ስትተኛ "ሐሚዳን ነው" አልኩ። አንቺን ያዘነች መሰለኝ። እኔ ያቃተኝን እሷ ስታደርግልኝ አየሁና፣ ከሰው ብደብቅ ካንቺ አልደብቅም፣ ደስ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ሻዬን ይዤ፣ በርጩማዬን አጠገቧ አድርጌ እቀመጥ ነበር። ሁለታችን ያንቺን ግቢ ስናይ እናረፍዳለን። አንዳንዴ "አይዞሽ" እላታለሁ። ሀዘኑን የሚጋራኝ አገኘሁ ብዬ ነው።

የፋሲካ ዕለት ሥጋው ያልተራገፈ የበግ አጥንት አቀረብኩላት። አሸተተችው፣ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ አንገቷን መልሳ አስተኛች። እዚያው በተኛችበት ሽንቷ አመለጣት። ቀይ ነበር። በሕማማቱ ሳምንት ደግሞ ቤታችን ከጉልባንና ከዳቦ በቀር ቀይ ስር የሚባል ነገር አልገባም።

ራይድ ብንጠራ ሾፌሮቹ ውሻ መሆኗን ሲያዩ እየተመለሱ ሄዱ። ለሊባን ደወልኩ። ዕድሜውን ሙሉ ውሻ ነክቶ የማያውቀው ልጅሽ የጓደኛውን ቪትዝ ተውሶ መጣ፤ የኋላውን ወንበር ሸራ አልብሶ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተሸከማት። ቦሌ ወዳለ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሙ ዶክተር ኤርሳዶ የሚባል፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ወጣት ነው። ሆዷን ላጭቶ በአልትራሳውንድ አያት፣ ሽንቷንም መረመረ። ከዚያ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሐኪም ወንበር ሲስብ መቼም ደግ ነገር አይናገርም።

"እናቴ፣ የሽንት ፊኛዋ ውስጥ ዕጢ አለ። ካንሰር ነው" አለኝ።

የበቀለበት ቦታ የፊኛው መውጫ ላይ ስለሆነ በቀዶ ጥገና እንደማይወጣ አስረዳኝ። ሕመሟን የሚያስታግስ፣ ዕጢውንም ለጊዜው የሚያዘገይ ክኒን እንደሚሰጣት፣ ዕድል ከቀናን ጥቂት ወራት እንደምናገኝ፣ አንድ ቀን ሽንቷ ጭራሽ እምቢ ካለ ግን ሳልውል ሳላድር እንድደውልለት ነገረኝ። መቼ እንደጀመራት ጠየቅሁት። ከገና በፊት ሳይሆን አይቀርም አለኝ።

ከገና በፊት፣ ሐሚዳ። አንቺ በሕይወት እያለሽ። ያን ሁሉ ጠዋት አጠገቤ ሆና ስታዝን የመሰለችኝ ለካ አሟት ነው። በመኪናው ስንመለስ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ያሰብኩት እሱን ነው፤ ለካ ብቻዬን ነበርኩ። ወዲያው ደግሞ እሷ እንዲህ እየተቃጠለች እኔ ስለ ራሴ ማሰቤ አሳፈረኝ። ጉርድ ሾላ ስንደርስ ግን ቆርጬ ነበር። አንቺን ደህና ሁኚ ሳልልሽ አጣሁሽ። እኔና አንቺ አብረን ያሳደግናት እሷ ብቻ ናት የቀረችኝ፤ እሷን እንደዋዛ አልሰጥም አልኩ።

ምክር እንኳ ሞልቶ ነበር። አንዱ ጎረቤታችን መኪና ላይ ጭነን ለገጣፎ መውጫ ላይ ብንጥላት እንደሚሻል ሊያስረዳኝ መጣ። አንተንም ስታረጅ እንዲሁ ያድርጉህ ብዬ ሸኘሁት።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ የውሻ ሽንት መጠበቅ ሆነ። ጠዋት ውዳሴ ማርያሜን ደግሜ ተከትያት እወጣለሁ። ጠብ ካለላት "ተመስገን"፣ ወረድ ብሎ ከፈሰሰላት "እሰይ"። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ቢያዩኝ ጡረታው አሳበዳት ይሉ ነበር። ማታ ማታ መቋጠር ሲያቅታት ቤት አስገባኋት። ዘርትሁን የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ምን ልንላቸው ነው ብላ አኮረፈች። ዳይፐር ልገዛ ሱቅ ብሄድ ባለሱቁ "የልጅ ልጅ መጣ እንዴ?" አለኝ። "አዎ፣ ፀጉሯ ሸብቶ የመጣች ናት" አልኩት። ለጭራዋ በመቀስ ቀዳዳ አወጣሁለት። ዳማ ዳይፐሯን ታጥቃ ሳሎን ውስጥ እንደ እመቤት ስትንጎራደድ ዘርትሁን ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨርቋን የምታጥብላት እሷ ሆነች፤ ስታጥብ ግን መነጫነጯን አልተወችም።

ክኒኑ ሠራላት። ግንቦትንና ሰኔን ደህና አድርጋ በላች፣ ትንሽም ሥጋ ያዘች። አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ተኝታ ቆይታ ብድግ አለችና ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹን እንደ ድሮዋ ጮኸችባቸው። እነሱም ደስ አላቸው መሰለኝ፣ ከአጥር ውጪ ሲስቁ ሰማኋቸው። ዶክተሩ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ሰው እንዲህ ነው፣ ምን ይደረግ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ መድከም ጀመረች። ፍልሰታ ሲገባ ከሥጋ መረቅ በቀር የምትቀበለው ነገር ጠፋ። የኛ ሉካንዳዎች ዘግተዋል። ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን እንደለበስኩ አንቺ የምትገዢበት ሙነወር ዘንድ ሄድኩ። ስልሳ ዓመት አልፎኝ እዚያ በር ላይ ቆሜ አላውቅም። አብረውኝ ያስቀደሱ ሴቶች ሲያልፉ ሰላም ይሉኝና ዓይናቸው ከላዬ ወደተሳለችው ጨረቃ ይሄዳል። ሙነወርን የሐሚዳ ጎረቤት ነኝ፣ ለመረቅ የሚሆን አጥንት ስጠኝ አልኩት። ቢላውን አስቀመጠና አየኝ። ለካ አንቺ ጾማችን በገባ ቁጥር "አጥንት ጨምርልኝ፣ ለጎረቤቴ ነው" ትይው ኖሯል! ሰውዬው ይህን ሁሉ ዓመት ሁዳዴን ተደብቃ አጥንት የምትግጥ ክርስቲያን ጎረቤት እንዳለችሽ ነው የሚያውቀው። ነጠላዬን ከላይ እስከ ታች ቃኘና ጠጋ ብሎ "አይዞዎት፣ ከኔ አይወጣም" አለኝ። አንቺ ከሞትሽ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ነገሩን ሳስረዳው እሱም ሳቀ፣ ሳቀና "ሐሚዳ እኮ…" ብሎ ቢላውን መልሶ አነሳ። ሥጋም ጨምሮ ጠቀለለልኝ።

ጾሙ በተፈታ ማግስት ጠዋት ዳማ ቁጢጥ አለች። ተነሳች። ትንሽ ራመድ ብላ እንደገና ቁጢጥ አለች። ምንም የለም። ሆዷን ስነካት ቃተተች። ደወልኩ። ዶክተር ኤርሳዶ ዝናቡ ሳይጀምር ደረሰ፤ ሊባንም ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ሳይተኛ መጣ። ዶክተሩ ዳሰሳትና መውጫው እንደተዘጋ ነገረኝ። በቱቦ ቢያወጣላት ለዛሬ ቀለል ይላታል፣ ነገ ግን ያው ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀራት ስቃይ ብቻ እንደሆነ፣ እኔ ከፈቀድኩ በመርፌ ሊያሳርፋት እንደሚችል ነገረኝ።

"ኃጢአት አይሆንብኝም ወይ?" አልኩት።

"እናቴ፣ ለእሱ መልስ የለኝም። እንዳመማት ግን አውቃለሁ" አለኝ።

ልቤ እምቢ አለ። ያን ሁሉ ወር ይዤ ያቆየኋትን በገዛ አፌ ሂጂ ልላት ነው። ዳማ ደግሞ ያን ጊዜ እንደገና ልትሞክር ተነሳች፣ የኋላ እግሮቿ ተንቀጠቀጡ፣ አቅቷት እኔን አየችኝ። ሌላ ምን ልጠብቅ ነው? አማተብኩና እሺ አልኩ። እርጥቡ መሬት ላይ ተቀምጬ ጭንቅላቷን ታቀፍኩ። ደህና ሁኚ አልኳት። እስኪበቃኝ ድረስ ጆሮዋ ሥር ደህና ሁኚ፣ ደህና ሁኚ አልኳት። ዶክተሩም አላጣደፈኝም። መርፌው ቶሎ ነው፤ ተነፈሰች፣ ተነፈሰች፣ ከዚያ ጭንቅላቷ ክንዴ ላይ ከበደ።

ሊባን በዚያው በሥራ ልብሱ አጥሩ ሥር ቆፈረላት። ብርድ ልብሷን ይዘን እኔና እሱ አስተኛናት። የመጀመሪያውን አፈር በእጄ ዘግኜ በተንኩ። ያንቺን አፈር እኮ አላየሁትም፣ ሐሚዳ። አንድ ጭብጥ እንኳ አልጣልኩልሽም። ጮህኩ። በኛ እንደሚጮኸው፣ ደረቴን እየደቃሁ፣ ጭቃው ላይ ተቀምጬ ጮህኩ።

ሠፈራችንን ታውቂዋለሽ፣ ጩኸት ሲሰማ አይጠይቅም፣ ይሮጣል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩን ሞሉት። ማን ሞተ፣ ዘርትሁን ናት እንዴ ሲባባሉ ዘርትሁን ራሷ ከጓዳ ወጣችና የባሰ ግራ ገባቸው። እሷም ጉድጓዱን አየች፣ እነሱን አየች፣ አፈረች። ውሻ ናት ልትላቸው አፏን ስትከፍት ሊባን ቀደማት። አካፋውን እንደያዘ፣ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ ወደ በሩ ዞረ።

"እናቴ ናት" አላቸው።

ሁሉም ጥር ላይ ድንኳንሽ ሥር የተቀመጡ ናቸው። አንዳቸውም አልሳቁም፣ አንዳቸውም አልጠየቁም። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዷ ገባችና ጭቃው ላይ ከጎኔ ተቀመጠች፣ ሌላዋም ተከተለቻት፣ ግቢው ሞላ፤ እስኪመሽ አለቀስንልሽ።

በናንተም በኛም ነፍስሽን ይማረው። ደህና ሁኚ፣ ሐሚዳዬ።

ጎረቤትሽ
የሺመቤት