ባለቤት ያልቀረበበት ደመወዝ

ሰኞ፣ ሕዳር 12 ቀን 1931

እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው አለኝ። ጣልያኑ ካፒቴን ጠዋት አስጠርቶኝ፣ በመንገድ ሥራ የሞቱት ሰዎች ደመወዝ ያለበትን ሳጥን እያሳየ፣ ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ወራሽ ካልቀረበ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል አለ። አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። ዝርዝሩ በመዝገብ ቤቱ በር ላይ ከተለጠፈ ወራት አለፉት፤ አንድም ሰው አልመጣም።

እንዴት ይምጣ? የተጻፈው በጣልያን ፊደል ነው። ስሙንም የመንገዱ አለቃ እንደሰማው ነው የጻፈው። «ኤታዮ ዋሌ» ይላል አንዱ። ይህ ማን ነው?

በአማርኛ ልጻፈው ብዬ ለመንኩት። ትከሻውን ሰበቀ። እሺ ማለቱ ነው።

ዛሬ የሕዳር ሚካኤል ነው። ቅዳሴ አልሄድኩም። የጣልያን ጸሐፊ ከሆንኩ ወዲህ ሰው ከአጠገቤ ፈቀቅ ሲል ማየት ሰልችቶኛል።

ማክሰኞ፣ ሕዳር 13

ስሞቹን እየጮህኩ ሳነብ ዋልኩ፣ ብቻዬን፣ እንደ እብድ። «ኤታዮ ዋሌ» ይታየው ዋለ ይሆናል። ሌሎች ሁለት ስሞችን ግን ምን ባደርግ ልፈታቸው አልቻልኩም።

«የሞቱ» የሚለውን ቃል ካፒቴኑ አሰረዘኝ። ሰው ይሸበራል አለ። ስለዚህ ወረቀቱ የሚለው «ደመወዛቸውን ያልወሰዱ» ብቻ ነው።

ወስጄ ገበያው ዳር ለጠፍኩት። አንድ ደብተራ ለተሰበሰበው ሰው ማንበብ ጀምሮ ነበር። እኔን ሲያይ ዝም አለ። ሰውም ተበተነ።

ባለቤቴ ቁይ ወደሚባለው አገር፣ ወላጆቿ ዘንድ ከሄደች ዓመት አለፋት። «ብዕሩን የጣልክ ዕለት ላክብኝ» ብላኝ ነው የሄደችው። ማታ ማታ ሽሮ እሠራለሁ። ሁልጊዜ ያርርብኛል።

ረቡዕ፣ ሕዳር 14

አንዲት እናት መጡ። ሮብ ገበያ ከሚባለው አገር። ስማቸው ጥሩዬ ነው። ጨው ነጋዴ የልጃቸውን ስም ተለጥፎ አይቶ ነግሯቸው፣ ሌሊቱን ሙሉ በእግራቸው ገስግሰው ነው የደረሱት።

«ይታየው ራሱ ለምን አይወስድም ጌታዬ? ታሟል?» አሉኝ።

መዝገቡን ገለጥኩ። ገጹን ሳገላብጥ ቆየሁ።

«እማማ፣ ይታየው አርፏል።»

«የት ነው ያረፈው? ማን ቤት?»

ሁለተኛ ማለት ነበረብኝ። «ሞቷል፣ እማማ። ክረምቱ ሳይገባ፣ የጨሞጋን ድልድይ ሲሠሩ ድንጋይ ተናደበት።»

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። አልጮኹም። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ተንቀጠቀጡ። ኋላ ላይ «ለመስቀል በመንገደኛ ድፎ ልኬለት ነበር። ደረሰው ብለውኛል» አሉ። ውኃ ሰጠኋቸው። ውኃ ብቻ!

ሐሙስ፣ ሕዳር 15

ጾም ገባ።

እማማ ጥሩዬ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም አድረው መጡ። ቅጹን ሞላን። ለእናትነታቸው የከተማ ነዋሪ የሆኑ ሁለት ምስክሮች ያስፈልጋሉ። ደግሞ «ሌላ ወንድም አለው ወይ? የት ነው?» የሚል ጥያቄ አለበት።

«ታናሹ ዱር ነው» አሉ፣ ከብት ጥበቃ የሄደ ይመስል።

ቀና ብዬ በሩን አየሁ። ማንም የለም። ባለፈው ወር አንዲት እናት እንዲህ ያለ ቃል ሰጥተው እስካሁን እስር ቤት ናቸው።

«የለም» ብዬ ጻፍኩ። በራሴ እጅ፣ በራሴ ቀለም። ከተደረሰብኝ መሰቀያዬ ነው። እዚህ ላይ መጻፌም ሞኝነት ነው፤ ግን ለማን ልንገር?

አርብ፣ ሕዳር 16

አንዱ ምስክር እኔ እንድሆን ካፒቴኑ ፈቀደ። ሁለተኛው ጠፋ። እማማ ጥሩዬ በከተማው የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ልጃቸውን ዳዊት ያስደገመውን መምህር። እሳቸውም የእኔው የኔታ ሆነው ተገኙ! ቅኔ ያስተማሩኝ፣ ጎረቤቴ። እዚህ ቢሮ ከገባሁ ወዲህ ሰላምታዬን አይመልሱም።

ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ቆሜ ነገርኳቸው።

«ይታየው?» አሉ። ከዚያ «እኔ በዚያ ደጅ አልገባም። አንተ ገብተህ ምን እንደሆንክ አይቻለሁ» ብለው በሩን ዘጉት።

እማማ ጥሩዬን «እምቢ አሉ» ማለት አቃተኝ። «ነገ» አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ ሕዳር 17

እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ገቡ። ካፒቴኑን አላዩትም። እኔንም አላዩኝም። «እናቱ ናት። አውቃለሁ» አሉ። የእኔን ብዕር ብሰጣቸው ከጉያቸው መቃ ብዕራቸውን አውጥተው ስማቸውን ጻፉና ወጡ። ቢሆንም መጡ።

ካፒቴኑ ቅጹን ሳያነብ ፈረመ። እማማ ጥሩዬ ሊሬውን ሳይቆጥሩ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

የቀሩት አሥሩ ለመንግሥት ገቢ ሆኑ። የመዝገቡን መዝጊያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሥሩን ስም ግን በተለየ ወረቀት ገልብጫለሁ። ገንዘቡ ቢቀር፣ መርዶው እንኳ ለቤተሰቡ መድረስ አለበት።

እሑድ፣ ሕዳር 18

እማማ ጥሩዬ «የተቀበረበትን አሳየኝ» ብለውኝ፣ ጠዋት ወደ ጨሞጋ አብረን ወረድን። ከድልድዩ በላይ፣ የመቃብር ድንጋይ ክምሮች አሉ። የትኛው የእሱ እንደሆነ መዝገቡ አይልም። «ከእነዚህ አንዱ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም በእያንዳንዱ ላይ አለቀሱ። አንዱንም አልዘለሉም። እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ ቆሜ ነበር፤ ኋላ አብሬ ማልቀሴን አወቅሁ። ከሰው ጋር ካለቀስኩ ስንት ጊዜዬ!

ሲለዩኝ «ስምህ ማን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«አጥናፉ።»

«አጥናፉ፣ አዝመራው ሲገባ ተዝካሩን አወጣለሁ። ትመጣለህ። ከእኔ ጎን ነው የምትቀመጠው።»

የሮብ ገበያ መንገድ በአርበኞች እጅ ነው። የጣልያን ጸሐፊ መሆኔን የማያውቅ የለም። እሳቸውም ያውቃሉ።

«እመጣለሁ» አልኳቸው። ቤቴ ከገባሁ ጀምሮ ምን ይዤ እንደምሄድ ነው የማስበው።