ለድምፅ የማይቀርብ ነገር፦ የመምህር እንግዳው አድማሴ የሕይወት ታሪክ

መምህር እንግዳው አድማሴ ከአባታቸው ከአቶ አድማሴ ጎበዜ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩብርሃን ሉቃስ በፎገራ ወረዳ፣ ቁሐር ሚካኤል ጥቅምት 12 ቀን 1952 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው ስለ ዕለቱ ሲጠየቁ የርብ ወንዝ ውኃ ከሜዳው የሸሸበት ሰሞን ነው ከማለት በቀር ሌላ ቀን አያውቁም ነበር። ጥቅምት 12 የሚለውን መታወቂያ ሲያወጡ መምህሩ ራሳቸው መርጠውታል።

በተወለዱበት ደብር ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በወረታ፣ ሁለተኛ ደረጃን በደብረ ታቦር ተከታትለዋል። በ1973 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በሐሙሲት ሥራ ጀመሩ። ከዚያ ወደ አንበሳሜ አቅንተው ስምንት ዓመት አገለገሉ፤ በ1986 ዓ.ም. ወደ ወረታ ተዛውረው በ2012 ዓ.ም. በጡረታ እስኪሰናበቱ ድረስ ሥነ ዜጋ አስተማሩ። በእርሳቸው ክፍል አለቃ የሆነ ተማሪ ሥልጣኑ እስከ የት እንደሆነ በሰሌዳ ላይ ሳይጻፍ ሥራ አይጀምርም ነበር።

በ1978 ዓ.ም. ከወይዘሮ ገላነሽ መንግሥቴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ማስተዋልን፣ ባየህንና መስከረምን አፍርተዋል። የቤታቸው አስተዳደር ከክፍላቸው ብዙ አይለይም። ልጆቹ ሲቀጡ ይግባኝ የማለት መብት ነበራቸው። ይግባኙን የሚያዩት ግን ወይዘሮ ገላነሽ ስለነበሩ መምህሩ ብዙ ጊዜ ይሸነፉ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. የሰፈሩ እድር ዳኛ አድርጎ መረጣቸው። በቀጣዩ ዓመት ክረምት ጎርፉ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ ቤታቸው ከተወሰደባቸው መካከል ሸክላ ሠሪዋ ወይዘሮ ሰርክና ቀጥቃጭ ባለቤታቸው አቶ አንለይ ወደ ሰፈራችን ዳር መጥተው ሠፈሩ። ውኃው ሲሸሽ እድር እንግባ ብለው ጠየቁ። ከእነርሱ ጋር መብላትም ሆነ መቀባበር በሰፈሩ ልማድ ስላልነበረ ጥያቄው ብዙ ሰው አስደነገጠ።

መምህር እንግዳው በሕይወታቸው ትልቁን ስሕተት የሠሩት ያን ጊዜ ነው፤ ይህ እንዳይደበቅ ደጋግመው ስለነገሩን እኛም አንደብቀውም። ኅዳር 1999 ዓ.ም. አባላቱን ሰብስበው ጉዳዩን ለድምፅ አቀረቡት። ሁሉም እጁን አውጥቶ ይወስን፣ ዴሞክራሲ ይህ ነው ብለው ደስ ብሏቸው ነበር። ዐሥራ አራት ሰው ይግቡ አለ፤ ስድሳ አንዱ አይግቡ አለ። ወይዘሮ ሰርክ ከመሰብሰቢያው ድንኳን ውጪ ቆመው ቆጠራውን ከአንድ እስከ ስድሳ አንድ ሰሙት።

ወር ሳይሞላ የወይዘሮ ሰርክ አማት ዐረፉ። ጥሩንባ አልተነፋላቸውም፣ የእድሩ ቃሬዛም አልወጣላቸውም። መምህሩ ዶማ ይዘው ሄዱ፤ ከእርሳቸው ጋር የሄዱት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

በጥር ስብሰባ ላይ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «ጥፋተኛው እኔ ነኝ። የእናንተ ድምፅ አይደለም የተሳሳተው፣ የእኔ ጥያቄ ነው። ሰው ሲሞት ይቀበር አይቀበር ተብሎ እጅ አይወጣበትም።»

ከአባላቱ ሁሉ በላይ የተቃወሟቸው አቶ ታደለ ነበሩ። ብዙኃኑ ከወሰነ በኋላ ዳኛው ይሽረው ዘንድ ማን ፈቀደለት ብለው ጠየቁ። መምህሩ ጥያቄው ትክክል መሆኑን አምነው አልሻርኩትም አሉ። ነገር ግን ጎረቤቱን በሚያስቀር እድር ውስጥ አልቆይም ብለው የእድሩን መዝገብ ለጸሐፊው አስረከቡና ወጡ።

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እናታቸው ወይዘሮ ጥሩብርሃን እቤታቸው አልጋ ይዘው ነበርና ወይዘሮ ገላነሽ ክፉኛ ተቆጡ። «መርሕህ ቃሬዛ ይሸከማል?» አሏቸው።

እናታቸው በግንቦት ዐረፉ። በዚያ ጠዋት ጥሩንባ አልተነፋም። መጀመሪያ የደረሱት አቶ አንለይ ነበሩ፤ ራሳቸው የቀጠቀጡትን ዶማ ይዘው። ቀጥለው፣ ማንም ሳይጠብቃቸው፣ አቶ ታደለ አካፋ ተሸክመው መጡ። እንደ እድር ሳይሆን እንደ ጎረቤት እንደመጡ ለሁሉም አስታወቁ። ከዚያ ሁለት ሦስት እየሆነ ሰፈሩ ተሰበሰበ። አንድ ጉድጓድ ውስጥ በአንድ ዶማ እየተቀያየሩ ቆፈሩ። ከቀብር መልስ ወይዘሮ ሰርክ ንፍሮውን በሰፌድ ይዘው ዞሩ። አቶ ታደለ ጋ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። አቶ ታደለ ትንሽ ቆዩና አፍሰው ወሰዱ። መምህር እንግዳው ለእናታቸው አልቅሰው ያበቁ መስሏቸው ነበር፤ ያን ሲያዩ እንደገና አለቀሱ።

በሳምንቱ ወይዘሮ ሰርክና አቶ አንለይ ተመዘገቡ። ይጻፉ ያሉት አቶ ታደለ ናቸው፤ እጅ አልወጣበትም። መምህሩም ተመልሰው መተዳደሪያ ደንቡን አረቀቁ። የመጀመሪያው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «በሰፈሩ የሚኖርና የእድሩን ግዴታ እፈጽማለሁ ያለ ሁሉ አባል ነው። ይህ አንቀጽ ለድምፅ አይቀርብም።» ዳኛ ከሁለት ዘመን በላይ እንዳይመረጥም ጻፉበት። በ2003 ዓ.ም. የእርሳቸው ዘመን ሲያልቅ ሰፈሩ ይቆዩልን ብሎ ለመናቸው፤ ደንቡን ያወጣሁት ለሌላ ሰው ነው እንዴ ብለው ወረዱ። በየስብሰባው አስቀድመው እንዲናገሩ የሚያደርጉት ግን አቶ ታደለን ነበር፤ የሚቃወም ሰው የሌለበት ስብሰባ አይመቻቸውም ነበርና። ዛሬ ይህን ቀብር የሚመሩት የእድሩ ዳኛ ወይዘሮ ሰርክ ናቸው። አቶ ታደለ ተወዳድረዋቸው በአራት ድምፅ ተሸንፈዋል፤ እስከ አሁንም ቆጠራውን ይጠራጠራሉ።

መምህር እንግዳው ባደረባቸው የስኳር ሕመም በቤታቸውና በሐኪም ቤት ሲታከሙ ቆይተው፣ ማክሰኞ ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ገላነሽን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ቁጥራቸውን የማናውቀው ተማሪዎቻቸውን ትተውልናል።

ከማረፋቸው ሁለት ሳምንት በፊት የእድሩ ሽማግሌዎች ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር። በደንቡ የሐዘን ድንኳን ለማንም ቢሆን ሦስት ቀን ይቆማል። ሽማግሌዎቹ ግን ለእርስዎ ክብር ሰባት ቀን እናደርገዋለን ብለው ተስማምተው መምጣታቸውን ነገሯቸው። መምህሩ ለመቀመጥ ፈልገው ደግፈን አስቀመጥናቸው። አብረው የመጡትን ወይዘሮ ሰርክን እያዩ፣ «ለእኔ ሰባት ቀን ከሆነ፣ ያለ ድንኳን ለተቀበሩት ለሰርክ አማት ስንት ሊሆን ነው?» አሏቸው።

ስለዚህ ድንኳኑ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይነሣል። ከዚያ በኋላ የምትመጡ ወዳጆቻችን ወደ ቤት ግቡ፤ በሩ ክፍት ነው። እግዚአብሔር የመምህር እንግዳውን ነፍስ ማንም ውጭ ቆሞ በማይቀርበት ቤቱ ይቀበልልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።