ከሥሯ ደህና

መስከረም 18

ዛሬ ሠላሳ ስምንት መኪና መረመርኩ። ከነዚህ ውስጥ ሰው ሊሳፈርበት የሚገባው ስንት ነው ብባል... አሥር?

ጠዋት አንድ ታክሲ መጣ፤ አራቱም ጎማ አዲስ። የኋላ ግራው ላይ ቢጫ የቀለም ጠብታ አለበት። አሳለፍኩት። ረፋዱ ላይ አንድ ነጭ መጣ፤ አራቱም ጎማ አዲስ፣ የኋላ ግራው ላይ ቢጫ ጠብታ። ከምሳ በኋላ ደግሞ ሌላ... ያው ጠብታ። "ከጎማህ ጋር ከጠዋት ጀምሮ እንተዋወቃለን" አልኩት ሹፌሩን። መሬት መሬት አየ። ከአጥሩ ጀርባ ለምርመራ ቀን ጎማ የሚያከራዩ አሉ። ሰዉ ጎማ የሚፈልገው ለነፍሱ አይደለም፤ ለኔ ነው። ለኔም ለአሥር ደቂቃ።

ባልደረባዬ ይለፍ በሱ መስመር የመጣውን ሁሉ አሳለፈ። ስሙ ይለፍ አይደለም፤ እኛ ነን ያወጣንለት። ሥራው ላይ ሲታይ ግን እናቱም ይሄንኑ ማውጣት ነበረባት።

የእህቴ ባል ደወለ። መኪና ገዝቷል። ሃያ ዓመት መኪና ሥር የኖረች የሚስት እህት እያለችው፣ ሳያማክረኝ።

መስከረም 20

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ቤት ሄድኩ። መኪናዋ በር ላይ ቆማለች። ቀይ፣ ትንሽ፣ ኋላዋ ድንገት የተቆረጠ፣ የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት። ልጆቹ "ቆራጣዋ" ብለዋታል። ውስጧ ሽቶ ተንጠልጥሏል። አንድ ቢሆን ምን አለበት... ሦስት። ሰው ሦስት ሽቶ የሚያንጠለጥለው ምን ሊሸፍን ነው?

ሊቁ ኮፈኑን ከፍቶ አሳየኝ። (ሊቁ የምለው የእህቴን ባል ነው፤ ጂኦግራፊ ስለሚያስተምር የማያውቀው የለም።) ሞተሩ ታጥቦ ያብረቀርቃል።

"ማን አየልህ?"

"ጓደኛዬ። ባንክ ነው የሚሠራው፣ ግን መኪና ይወዳል።"

መኪና ይወዳል። እኔም ዘፈን እወዳለሁ፤ ዝፈኚ ያለኝ ግን የለም።

"ከሥሯስ?"

"ከሥሯ ምን አለ? ዋናው ሞተር ነው።"

ውስጡን ለቄስ። እትዬ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፤ ደስታውን አታበላሺበት ማለቷ ነው። ኮፈኑን ዘጋሁለት። ቦሎዋ ጥቅምት ላይ ያልቃል። ያኔ ራሷ እግሬ ሥር... ሳይሆን እኔ እሷ ሥር እገባለሁ።

ጥቅምት 3

መጣች። ሊቁ ሱፍ ለብሷል። የሚመረመረው እሱ ነው እንዴ?

ዘመድ ዘመዱን አይመረምርም፣ ደንብ ነው። ለይለፍ ሰጠሁት። መብራት፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ ፍሬን... ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። "ያንቺ ሰው ነው አይደል? አልፋለች" አለኝ እየሳቀ። ውለታ የዋለልኝ መስሎታል። ያ ነው ያናደደኝ። ካቻቢቴዬን ይዤ መኪና ከሥር የሚታይበት ጉድጓድ ውስጥ ወረድኩ።

ከሥር ወፍራም ሬንጅ ተለቅልቃለች። የኋላ እግሯ ከቦዲው ጋር የሚታሰርበት ብረት ላይ ወጋሁ። ሙዝ የወጋሁ ያህል ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ዝገቱ እላዬ ላይ ረገፈ። ይለፍን ጠርቼ አሳየሁት። ሳቁ ቆመ። ወረቀቱን ቀዶ "ወድቃለች" የሚል ሌላ ጻፈ።

ሊቁ ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ እያየው ቆመ። "በሰው ፊት አዋረድሽኝ።"

"እኔ አይደለሁም፣ ዝገቱ ነው። ተበስታለች።"

"በካቻቢቴ ተወግቶ የማይበሳ ማን አለ? ባለፈው ዓመት እዚሁ አልፋለች እኮ። ወይስ ዝገቷ የሚታየው ባለቤቷ እኔ ስሆን ነው?"

እንዲህ ብሎ ሄደ። ጥያቄው ግን አብሮት አልሄደም። ይሄ የአምስት ዓመት ዝገት ነው። ታዲያ ባለፈው ዓመት ያሳለፋት የትኛው ሰነፍ ነው? ይለፍ ነዋ። ሌላ ማን ይሆናል?

ጥቅምት 4

ሰነድ ክፍል ሄድኩ። ጸሐፊዋ ሹራብ ትሠራለች። "ምን ፈለግሽ?" አለች ቀና ሳትል።

"የይለፍን ጉድ።"

ሳቀች። የሰሌዳ ቁጥሩን ነገርኳት፤ ፋይሉን አወጣች። አየችው። ሹራቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"የይለፍ አይደለም" አለችኝ።

የኔ ፊርማ። የኔ የእጅ ጽሑፍ። "የሥር ክፍል፦ ደህና።"

ጥቅምት 7

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

ጥቅምት 8

ትዝ አለኝ። ያን ቀን ፓምፑ ተበላሽቶ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶት ነበር። አለቃ "ሰልፉ መንገድ ዘጋ፣ ከላይ ከላይ እያያችሁ ጨርሱ" አለ። ጨረስኩ። በኔ መስመር አርባ አንድ መኪና። የአንዱንም ሥር አላየሁም። ለአርባ አንዱም "ደህና" ብዬ ፈረምኩ።

ያን ቀን እዚህ ደብተር ላይ ምን ጽፌ ነበር? ገልጬ አየሁ። "ዛሬ ይለፍ ፍሬቻ የሌለው መኪና አሳለፈ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?"

እኔ ያን ቀን ጥሩ ተኝቻለሁ መሰለኝ።

ጥቅምት 10

እትዬ ስልክ አታነሳም። ትልቋ ልጇ ናት ያነሳችልኝ። ሊቁ ቆራጣዋን ሌላ የምርመራ ጣቢያ ወስዶ አሳልፏታል። ቅዳሜ ሁሉም ተጭነው አያታቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው፤ በተራራው መንገድ። አምስት ሰው፣ ያ ቁልቁለት፣ ያ ብረት...

"አባዬ ‹አክስታችሁ ትንቀናለች› ይላል" አለችኝ። "እውነት ነው?"

"ማን እንዲህ አለሽ" አልኩ፣ ማን እንዳለ ነግራኝ ሳለ።

እውነት ነው። እንቃቸዋለሁ። ሊቁን፣ ይለፍን፣ የባንኩን ጓደኛውን፣ ባለ ጎማውን። አሁን ሄጄ አትንዱ ብል ንቀቷ ነው ይሉኛል። የሚያስቆማቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱን መናገር ደግሞ...

ጥቅምት 12፣ ቅዳሜ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ደረስኩ። ሻንጣው ተጭኗል፤ ልጆቹ ኋላ ተደርድረዋል። ሞተሩ ተነስቷል። ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

"ዛሬ ደግሞ ቤቴ ድረስ መጣሽ?" አለ ሊቁ በመስኮት።

"ባለፈው ዓመት ያሳለፍኳት እኔ ነኝ።"

ሞተሩን አጠፋ።

"ጉድጓዱ ውሃ ነበረው። ሥሯን ሳላይ ደህና ናት ብዬ ፈረምኩ። አንተ አልተታለልክም፤ ፊርማዬን አምነህ ነው የገዛኸው።"

እትዬ ወረደች። ልጆቹንም አንድ በአንድ አወረደች። ሊቁ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ቆይቶ ወጣና በዚያ ንጹሕ ሸሚዙ መሬት ላይ በጀርባው ተኛ። ካቻቢቴውን አቀበልኩት። የበሳሁት ቦታ አዲስ ሬንጅ ተቀብቷል። "ከሱ አጠገብ፣ የፈለግክበት ውጋ" አልኩት።

ወጋ። አንዴ... ሁለቴ... ደጋግሞ። ሲወጣ ደረቱ ላይ ዝገት ነበር። ትንሹን ልጁን ብድግ አድርጎ አቀፈው።

እትዬ ናት የተናገረችው። "ሰው ስትመረምሪ ኖርሽ። በይ አሁን ግቢና ቁርስ ብዪ።"

በላሁ።

ጥቅምት 14

አለቃ ዘንድ ገብቼ ነገርኩት።

"ማን ጠየቀሽ?"

"ማንም።"

"ታዲያ?"

"ሌላ አርባ መኪና አለ።"

ያን ቀን ያለውን ያውቃል። "ከላይ ከላይ እዩ ብዬ አላውቅም" አለ፣ ገና ሳልጠይቀው። ይጠበቃል። "እንግዲያው የኔ ብቻ ነው፣ ጻፈው" አልኩ። ጻፈው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፤ ከጉድጓድ ታግጄ ወደ ሰነድ ክፍል። ለአርባው ሰው መደወሉን ግን አልከለከለኝም። ማንም አይመጣላትም ብሎ ነው።

ይለፍ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። ሊስቅብኝ ነው ብዬ ምላሴን ስዬ ነበር። "ስትጠሪያቸው ወደኔ መስመር ላኪያቸው" አለ። "ሬንጁን በምንድነው የምትፍቂው?" ነገርኩት። ወረቀት ላይ ጻፈ።

ኅዳር 9

ጸሐፊዋ ፊት ለፊቴ ሹራቧን ትሠራለች፤ እኔ እደውላለሁ። ሃያ ሰባት ሰው አግኝቻለሁ። አሥራ አንዱ መጥተዋል። ሦስት መኪና ወደቀ፣ አንዷ ከቆራጣዋም የባሰች። ይሄን የነገረኝ ይለፍ ነው፤ ሲነግረኝ ግንባሩ ጥቁር ነበር፣ ከሥር እንደወጣ።

ቆራጣዋ ለመለዋወጫ ተበታትናለች። ሊቁ በአውቶቡስ ይሄዳል። እሁድ ቤቱ ጠርቶኝ ስለ ተራሮች አፈጣጠር አስረዳኝ። ግማሹ ስህተት ይመስለኛል። እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

የሚሰድበኝ አለ፣ የሚዘጋብኝ አለ። ዛሬ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ፤ ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

"ቆይ እስቲ" አሉ። "ያኔ ደህና ናት ብሎ የፈረመው የትኛው ሰነፍ ነው?"

ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝ።

"እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ሲተነፍሱ ይሰማኛል፤ አልዘጉም።

"ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ?"

ሦስት ሰዓት አልኳቸው።