የኦቦ ቱሉ አሥራ ሁለት ሰዓቶች

ሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2016

አይጫንም። አሥር ጊዜ ሞከርኩ፣ አሥር ጊዜ እምቢ አለኝ። ዓርብ ደግሞ እየመጣ ነው።

ሳረጅ ብረሳው እንኳ እንዲህ ነበር፦ ባለፈው ሳምንት የባዮሎጂ መምህራችን የፈተና ወረቀቱን በፍላሽ አምጥቶ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሰካው። ፈተና የለም። ፋይሉ ሁሉ የትም የማይወስድ ሾርትከት ሆኗል። ያ ፍላሽ መናኸሪያው አጠገብ ያሉትን ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሲዞር እንደሚከርም አምቦ በሙሉ ያውቃል፤ ጥፋተኛ የተባለው ግን ተማሪ ነው። ርዕሰ መምህሩ ወሰኑ፦ እስከ ዓርብ አሥራ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ የሚሠራ አንቲቫይረስ ካልተጫነ የኮምፒውተር ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ለተማሪ ዝግ ነው። እኛ ቤት ኮምፒውተር የለም። ክፍሉ ከተዘጋ ፕሮግራም የምጽፈው ደብተር ላይ ነው፤ ደብተር ደግሞ ስሕተቴን አይነግረኝም። ስለዚህ እኔ እጭናለሁ አልኩ። አፌ ሁልጊዜ ይቀድመኛል።

ማሽኖቹ የሚሠሩት በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው፤ ኢንተርኔት የላቸውም። መፈተሻውንና የቫይረሶቹን ዝርዝር በአጎቴ ልጅ በገመቹ ላፕቶፕ አውርጄ፣ አንድ ላይ ጠቅልዬ በፍላሽ ማምጣት አለብኝ።

የክፍሉ ኃላፊ ኦቦ ቱሉ ናቸው። ከጉደር በመጀመሪያው ታክሲ መጥተው፣ ሁላችንንም ጫማ አስወልቀው ያስገቡናል። የማሽኖቹ የውስጥ ባትሪ ስለሞተ በጠፉ ቁጥር ሰዓታቸው በጠፉበት ቀን ላይ ይቆማል። ኦቦ ቱሉ በየማለዳው የግድግዳ ካላንደሩን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ለዶሮ ጥሬ እንደሚበትን ሰው እየዞሩ ለአሥራ ሁለቱም ቀንና ሰዓት ይሞላሉ። ጥቅምት 30 ዕለት አንዱም ማሽን ቀኑን አልቀበል ብሏቸው፣ "ሰነፍ ሁላ፣ ወሩ ሳያልቅ ደከማችሁ" ብለው ተቆጥተዋቸው ነበር። ያን ቀን ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

የትናንቱ እምቢታ ምክንያቱ ተገኘ። ጥቅሌ ውስጥ የጎደለ ነገር አለ። እሱን ጨመርኩ። የጨመርኩት ደግሞ ሌላ ይፈልጋል። ያም ሌላ። ሠርግ የጠራሁ መሰለኝ፤ አንዱን ስጋብዝ ወንድሜን ጥሪልኝ፣ ወንድሙ ደግሞ አማቼስ ይላል።

ገመቹ የሚኖረው ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ነው። ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። እግሬ አልቋል። በመጨረሻ ዘመዱ ሁሉ ተሟላ፣ በእሱ ላፕቶፕ ላይም ያለምንም ኮሽታ ሠራ። ትንሽ ጨፈርኩ። ገመቹ አላየሁም አለ፣ አይቷል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ጭፈራዬን መልሱልኝ።

በገመቹ ላፕቶፕ የሚሠራው፣ እዚህ አይሠራም። የሚለው ይህን ነው፦ ጥቅሉ ላይ ያለው ማኅተም የተሠራው ወደፊት ነው፣ ከሁለት መቶ አርባ ምናምን ሚሊዮን ሴኮንድ በኋላ። ማኅተሙን የሠራሁት እኔው ነኝ፣ ባለፈው ሳምንት፤ ጥቅሉን ማንም እንዳልነካካው የሚያረጋግጥ የኮምፒውተር ማኅተም ነው። እኔ ደግሞ ከወደፊት አልመጣሁም። ብመጣ የሒሳብ ፈተናውን ይዤ እመጣ ነበር።

ማኅተሙ ተበላሽቷል ብዬ ገመቹ ጋ ሮጬ አዲስ ሠራሁ። ያው ነው። ገመቹ ማኅተሙን ዝለይውና ጫኚው አለኝ። ሌባ ይጠብቃል የተባለ ዘበኛ አጥር ዘሎ ሲገባ ታይቶ ያውቃል? አልዘልም።

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ስለሆነ ዘበኛው ከክፍሉ ጀርባ ቆሻሻ ሲያቃጥል ዋለ። ጭሱ በመስኮት ገባ። ልዘጋው ስነሳ ኦቦ ቱሉ ከለከሉኝ። ድሮ ወረርሽኝ የሚባረረው በዚህ ነበር፣ ቫይረሱም ይታጠን አሉ። እኔ ሳልኩ። ቫይረሱ ምንም አልሆነም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

እኔ አህያ ነኝ።

ሒሳብ ክፍል ሰልችቶኝ ያን የሴኮንድ ቁጥር ማካፈል ጀመርኩ። ለስልሳ፣ እንደገና ለስልሳ፣ ለሃያ አራት፣ ለሦስት መቶ ስልሳ አምስት። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ወጣ። እስክሪብቶዬ ወደቀ። በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት!

በእረፍት ሰዓት ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ በረርኩ። የማሽኑ ጥግ ላይ፦ 13/3/2016። ኦቦ ቱሉ የሚሞሉት የኛን ቀን ነው። ማሽኑ ግን የሚያውቀው የፈረንጅ ብቻ ስለሆነ ከስምንት ዓመት በፊት ያለ ይመስለዋል። ጥቅምት 30ን እምቢ ያለውም ለእሱ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ስለሆነ ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 የለውም።

የሚያናድደው ግን ይህን ማስታወሻ ስጽፍ ቀኑን የምገለብጠው ከዚያው ማሽን ጥግ ነው። አራት ቀን ሙሉ አይቼዋለሁ። ልክ ነበር፤ ለእኔ።

ከትምህርት በኋላ ኦቦ ቱሉ ስብሰባ ሲገቡ አሥራ ሁለቱንም ወደ ፈረንጅ ቀየርኩ። ተጫነ! የመጀመሪያውን ፍላሽ ፈተሸ፣ ሦስት ቫይረስ አገኘ። ፍላሹ የእኔ ነበር። ለማንም አልናገርም።

ለኦቦ ቱሉም አልነገርኳቸውም። ስንት ዓመት ሲሞሉ የኖሩትን ቀን ተሳስተዋል ማለት ከበደኝ። ደግሞም አያስፈልግም ብዬ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ያስፈልግ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ሁለት መምህራን አስከትለው ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። አሥራ ሁለቱም ስክሪን ቀይ። የቫይረሱ ዝርዝር ገና አልተሠራም ይላል። ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር፣ ከዚያም በየሰዓቱ ማኅተሙን እንዲያጣራ ያዘዝኩት እኔው ነኝ።

ኦቦ ቱሉ ደረታቸውን ነፍተው ለርዕሰ መምህሩ አስረዱ። "ጠዋት ስከፍታቸው ቫይረሱ ቀኑን በልቶታል። ሁለት ሺህ ሃያ ሦስት ይላል! ስምንት ዓመት ሊያስረጀን ነበር። አንድ በአንድ አስተካከልኩ።"

መምህራኑ ራሳቸውን ነቀነቁ። ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን ከበሩ ላይ ነቀሉት። ዝም ብል ክፍሉ ይዘጋል፤ ብናገር ሽማግሌው በሰው ፊት ይዋረዳሉ። በሌላ ቀን ቢሆን ቀልድ አይጠፋኝም ነበር። ዛሬ አንድም አልመጣልኝም።

"ኦቦ፣ ቀኑን የቀየርኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ሳልነግርዎት። ማሽኖቹ የኛን ዘመን አያውቁም።"

ኦቦ ቱሉ ካላንደራቸውን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ኢንተላ ኮ፣" ልጄ ማለታቸው ነው፣ "ለባለ ሰዓቱ ሳይነገር ሰዓት አይነካም።"

ከዚያ አንደኛው ማሽን ፊት ተቀመጡ። እኔ ነገርኳቸው፣ እሳቸው በአንድ ጣት ሞሉ፦ 24/11/2023። ማሽኑን ዘግተን ከፈትን። አረንጓዴ።

ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። ሰኞ ጠዋት መጥተው ያዩታል፤ አሥራ ሁለቱም አረንጓዴ ከሆኑ ክፍሉ ክፍት ነው። አዲስ ባትሪ? ማመልከቻው ድሮ ገብቷል አሉ።

ስለዚህ ሰኞ የሚወሰነው በእኔ ጥቅል ሳይሆን በኦቦ ቱሉ ጣት ነው። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ያለውን ቀን ባንድ በኩል የኛን፣ ባንድ በኩል የፈረንጁን አድርጌ ጻፍኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ገልብጠው ጀርባውንም አዩት።

"ማኅተም የለውም" አሉ።

መሳቢያቸውን ከፍተው የክፍሉን ማኅተም አወጡ፣ እፍ አሉበት፣ ወረቀቴ ላይ መቱት። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝና፣ ሰኞ በፈረንጁ ሃያ ስድስት ነው አይደል አሉኝ።

ሃያ ሰባት ነው።