ከተዝካሬ በኋላ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን የሚጠዘጥዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም ጸበል ስትወርጂ መንገድ ላይ እያረፍሽ ትቀመጪያለሽ? ጊደሯ ወለደች? ጎረቤቶቻችንስ ደህና ናቸው? እኔን ከጠየቅሽኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለሟች በጣም ደህና ነኝ።

አትደንግጪ። ወይም ደንግጪ፤ እኔም በተራዬ ደንግጬልሻለሁ። ደብዳቤውን የሰጠችሽ ትርፌ ናት፣ የታችኛው ሰፈር ልጅ፣ እዚህ ደማም አንድ ክፍል የምንጋራው። የመውጫ ወረቀቷ፣ ኹሩጁ፣ ተሳክቶላት ነገ ትነሳለች። ለሚያያት ሰው ለቅሶ ልትደርስሽ የመጣች ትመስላለች፤ ደብዳቤው ግን ጉያዋ ውስጥ ነው። ምን ላድርግ፣ ስልክ አታነሺ። ደግነቱ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረሻልና አንባቢ አትለምኚም። በሩን ዝጊና ለብቻሽ አንብቢው።

መጨረሻ የተነጋገርን ማታ ያልኩሽን አልረሳሽውም። ነገ ኾበር ሆስፒታል ገብቼ ፊቴን ልሠራ ነው አልኩሽ። ሴት መሆኔን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ አንቺም ሳታውቂው አልቀረሽም፣ ከእንግዲህ ፊቴም ይወቀው አልኩሽ። ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ደጋግሜ ደወልኩ። ለካ እኔ በማግስቱ ማደንዘዣ ተወግቼ ስተኛ አንቺ ድንኳን እያስተከልሽ ነበር። ልጄ ሳውዲ በመኪና አደጋ ሞተ፣ እዚያው ቀበሩት ብለሽ።

እንግዲህ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። ወራት ነው የተዘጋጀሁት። ሲጋራዬን ተውኩ፣ ጢሜን ከነሥሩ በማሽን አስነቀልኩ፣ የራስ ቅሌን ራጅ አስነሳሁ። ሐኪሙ የሰው አገር ሰው ነው። ፍላጎቴን ስነግረው ትንሽ አየኝና ወረቀቱ ላይ የመንጋጋና የአፍንጫ ማስተካከያ ብሎ ጻፈ። በዕለቱ ፊቴ ላይ በብዕር ሲያሰምር ሳቄ መጣ። እኔ አል አዳማ ሰፈር የምሠራበት ስፌት ቤት አባያ ላይ በሳሙና ቁራጭ የማሰምረውን ነው እሱ የሚያሰምረው፤ ጨርቁ እኔ ሆንኩ። የቅንድቤን አጥንት ፋቀው፣ መንጋጋዬን አጠበበው፣ አፍንጫዬን አሳነሰው፣ ማንቁርቴን ሞረደው።

ትርፌ ቀድማ ፈርታ ነበር። እግዚአብሔር የሠራውን ፊት ማስቀየር አይከብድም ወይ አለችኝ። እኔ ደግሞ የእናቴን ሞራ ያስገፈፍነውን ዓይን የሠራው ማን ነው አልኳት።

ስነቃ ፊቴ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ ነበር። ዓይኔ አይገለጥ፣ አፌ አይከፈት። ትርፌ ከጀርባዬ ትራስ ደርድራ ተቀምጬ ነው የተኛሁት፤ አጥሚት በስሪንጅ ታጠጣኝ ነበር፣ ለጥጃ እንደሚደረገው። አልዋሽሽም፣ አንድ ቀን ምነው ባልጀመርኩት ብያለሁ። ግንባሬ እስካሁን ደንዝዟል፤ ስዳስሰው የጎረቤት ግንባር ይመስለኛል። እብጠቱ ሲጎድል ግን መስተዋት ያዝኩና ሳልሸሽ አየሁ። በሕይወቴ መጀመሪያ ጊዜ ሳልሸሽ አየሁ፣ እማዬ።

ለቀጠሮ ስወጣ ለሌሎች ስሰፋው የኖርኩትን አባያና ኒቃብ ራሴ ለበስኩት። ያን ሁሉ ፋሻና ብልዝ ይዤ ከሰፈራችን ከአል ባዲያ ኾበር ድረስ በታክሲ ስመላለስ አንድ ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። ፖሊስ ኢቃማ ቢጠይቀኝ አልቆልኝ ነበር፤ መታወቂያው ላይ ያለው ሰውዬ ጢም አለው። የስፌት ቤቱ ባለቤት ልብስ ሰፊዬ የት ጠፋ ብሎ ትርፌን ሲጠይቃት አገሩ ገባ፣ እህቱ ግን አለች፣ ቤቷ ሆና ትሰፋለች አለችው። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም ብሎ ጨርቅ ላከ። አሁን ለሰዉ ሁሉ እህትየዋ ከወንድሟ ትበልጣለች ይላል አሉ። ያ ሰውዬ እንግዲህ እዚህ ለጠየቀው አገሩ ገብቷል፣ እዚያ ለጠየቀው እዚህ ተቀብሯል። ፈልጋችሁ አታገኙትም።

አንድ ማለዳ አጥሚቴን እየጠጣሁ የትርፌ እህት ከመርሳ ደወለች። እኔ መሞቴን፣ ትናንት አርባዬ መውጣቱን፣ ሁለት በግ መታረዱን ነገረቻት። ትርፌ ወደ እኔ አየች። ምን ታድርግ፣ ወግ ነውና አለቀሰችልኝ። ከአገጬ ላይ የፈሰሰውን አጥሚት በአንድ እጇ እየጠረገች፣ "አይ፣ እንደ እናቴ ልጅ ነበር የማየው" ትላለች። ስልኩን ስትዘጋ ሁለታችንም በሳቅ ወደቅን። መንጋጋዬ ገና አልጠናም፣ መሳቅ ተከልክዬ ነበር። ቀጥሎ አለቀስኩ።

ተናደድኩብሽ። እኔ አጥሚት ስጠጣ ሰፈሩ በኔ ስም ቅልጥም ጋጠ። ለዕድሩ ሁሉ ፎቶዬን ልኬ ላዋርድሽ ተነስቼም ነበር። እናት በቁሜ ከቀበረችኝ ማንን እፈራለሁ? ትርፌ ስልኬን ነጥቃ የቀረውን ስሚ አለችኝ፤ እህቷ የነገረቻትን፣ እሷ የደበቀችኝን።

ቄሱ ፍትሐት ሊያደርሱ የክርስትና ስሙ ማን ነበር ብለው ጠይቀውሽ፣ ረሳሁት አልሽ አሉ። ሰዉ ኀዘን ነው፣ ይመለስላታል ብሎ ጠበቀ። ዳግመኛ ሲጠይቁሽም ረሳሁት። ቄሱ ተቀይመው ጸሎቱን ሳያደርሱ ሄዱ፤ ተዝካሩ መብል ብቻ ሆኖ ቀረ።

አንቺ? የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የክርስትና ስም በቃልሽ የምታውቂው? ጎረቤት እንኳ የራሱ ልጅ ስም ሲጠፋበት አንቺን ነው የሚጠይቀው። በቁሜ እያለሁ ስሜን ለሙት ጸሎት አሳልፈሽ አልሰጠሽም። ያን ቀን ስልኬን አስቀመጥኩት። ይቅር ብዬሻለሁ አላልኩም፤ ቁጣዬም አለ። ሙት ግን አልሆንልሽም፣ ተዝካሬን የበላ ሁሉ ይስማ።

ዛሬ ፊቴ ከተሠራ ሰማንያ ቀን ሞላው። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። እኔን ያኔ በአርባዬ ወስደሽ ቸኮልሽብኝ፤ አልፈርድብሽም፣ ማን ያውቅ ነበር? ጥምቀት አንዲት ናት፣ ዳግመኛ ልጠመቅ አላልኩም፤ እዚህም ቤተ ክርስቲያን የለም። ትርፌ ግን ዛሬ ፊቴን በጸበል አጥባ እኔ አነሳሻለሁ ብላኛለች። የክርስትና እናት አገኘሁ። የቀረኝ ስም ነው፣ እሱን ደግሞ ከእናቴ በቀር ከማንም አልቀበልም።

ትርፌ ሰው ፊት እግዚአብሔር ያጽናሽ ትልሻለች፤ አንቺም አሜን በያት። ስትሸኚያት በጆሮዋ የሴት ስም ንገሪያት፣ በስልክ ታደርስልኛለች። ያ ከከበደሽ፣ ስሟ ማን ይሁን ስትልሽ ረሳሁት በያት። እዚህ ሆኜ ይገባኛል።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ደጅሽን ለመርገጥ ያብቃኝ። እኔን እንደገና የመውለጃሽ ቀን ማርያም አትለይሽ።

በአርባዋ ያለቀስሽላት፣ በሰማንያዋ የጻፈችልሽ
ልጅሽ
ከደማም