ትሪሽ የነዘረኝ ሰሞን

ነፊሳዬ፣ አሰላሙ አለይኪ። አላህ ማረፊያሽን ሰፊ ያድርግልሽና፣ ዛሬ የምጽፍልሽ ልከስሽ ነው። ከሄድሽ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል፤ እስካሁን ግን የስኳሩን ቆርቆሮ የት እንዳስቀመጥሽው አላገኘሁም። ሐኪሙ ስኳር ቀንስ ካለኝ ጀምሮ ስትደብቂብኝ ኖረሽ፣ የመጨረሻውን መደበቂያ ሳትነግሪኝ ሄድሽ። ይኼ ከአንዲት ጨዋ ሴት የሚጠበቅ ነው? ሌላ ስኳር መግዛት አቅቶኝ አይደለም። ከገዛሁ ግን ያሸነፍሽኝ ስለሚመስለኝ፣ መራራ ሻይ እየጠጣሁ ፍለጋውን ቀጥያለሁ።

እሺ፣ ነገሩ የስኳር አይደለም። መቀመጥ ስላቃተኝ ነው የምጽፈው። የመብራት ሠራተኛውን እየጠበቅኩ ነው። ከዙህር በፊት እደርሳለሁ ብሎኝ ነበር፤ ዙህር ተሰግዶ አልፏል። ልደውልለት ብል ስልኬ ባትሪ ጨርሷል፤ ቻርጅ እንዳላደርግ ዋናው ብሬከር ከትናንት ጀምሮ ወርዷል። ሒክማ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ትወልዳለች። የወንድሜ ልጅ ብዬ ስጠራት ትቆጪ ነበር፣ ስለዚህ ልጃችን ልበል። አቦከር ሰፈር ካለው ከባሏ ቤት ይልቅ እዚህ ጀጎል፣ አንቺ ባሳደግሻት ቤት ነው የምታረሰው ብላ ድርቅ ብላለች። እሷና ሕፃኑ ከመግባታቸው በፊት ይህ ቤት ደህና መሆን አለበት። አሁን ሰው የሚያንገላታ ቤት ሆኗል።

ቆይ፣ አንዴ መንገዱን ልየው።

ማንም የለም። ነገሩ የጀመረው ከግድግዳው ነው። ረመዳን ወር ሲቀረው እንደ ወትሮው ቤቱን ኖራ ቀባነው፤ ያለ አንቺ ስንቀባ የመጀመሪያችን ነው። ሒክማ ሆዷን ይዛ ነደባው መደብ ላይ ተቀምጣ ታዛለች፣ እኔ እቀባለሁ። አጎቴ፣ የሚቀቡት ግድግዳውን ነው ወይስ ራስዎን ነው እያለች ስትስቅብኝ ዋለች። ግድግዳው ላይ የሚሰቀሉትን ሳህኖችሽን አጥበን በየቦታቸው መለስናቸው። ትልቁን የብረት ትሪ መሃል ላይ፣ አምና አንቺ በመታሽው ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ቦታውን እኔ ልምረጥልሽ ስል፣ አንተ ያየኸው ሁሉ ጠማማ ነው ብለሽ በዘነዘና የመታሽውን ምስማር ማለቴ ነው።

ኖራው ገና እርጥብ እያለ ትሪውን ስወለውል ጣቴን አንዳች ነገር ቆነጠጠኝ። ቀላል ነው፣ እንደ ጉንዳን። እጄን ሰበሰብኩና እንደገና ነካሁት። እንደገና ቆነጠጠኝ። ሳቅሁ። ሳህን በባዶ እጅ አይነካም፣ አሻራህ ይቀርበታል እያልሽ እጄን ቸብ ስታደርጊኝ የነበረው ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ከሱብሒ ሰላት ስመለስ በአንድ ጣት እነካው ጀመር። ዛሬም አልተውሽኝም እላለሁ፣ ወደ ሻዬ እሄዳለሁ። ራዲዮ እየፈታሁ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝና ኤሌክትሪክ መሆኑ ጠፍቶኝ ነበር ብዬ አልዋሽሽም። አውቄ ነው እንዳላወቀ የሆንኩት።

ቤቱ ግን በበኩሉ ሲነግረኝ ነበር። የውሃ ማፍያውን ስሰካ የሳሎኑ አምፖል ይደበዝዛል። ከፍሪጁ ጀርባ ያለው ሶኬት ይሞቃል፣ ጠጋ ስትይው የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ብሬከሩ ይወድቃል፣ አነሳዋለሁ፣ ይወድቃል፣ አነሳዋለሁ፤ ሁለታችን ግትሮች ተገናኘን። አንቺ ብትኖሪ ገና ሽታው ሲመጣ ካቻቢቴዬን ቀምተሽ ሰው ታስጠሪ ነበር። የእንግዳ ክፍሉን ማብሪያ የጠገንኩ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ማብሪያው ሲጫን የጓዳው አምፖል ይበራል፣ የጓዳው ሲጫን የጓሮው። እንዳታስተካክለው ብለሽ ከለከልሽኝና የመጣውን እንግዳ ሁሉ፣ ኑ የባሌን ጥበብ እዩ እያልሽ ስታስጎበኚ ከረምሽ። ጎረቤቱ ሁሉ ኢንጂነሩ ይለኝ ጀመር። እስከ ዛሬ ይሉኛል።

ባለፈው ሰሞን ሒክማ መጣች። ተይ ስላት አትሰማም፣ ይኼን ከአንቺ ነው የወረሰችው፤ ወለሉን ማጠብ ጀመረች። በእርጥቡ ወለል ላይ በባዶ እግሯ ቆማ፣ ትሪው ጋደል ብሏል ብላ ልታቃናው እጇን ዘረጋች።

ጮኽኩ። እንዲያ ጮኼ አላውቅም፤ ከጎረቤት ሰው ወጣ። እሷም ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። አልነካችውም፣ አልሐምዱሊላህ። ምን ሆነው ነው አጎቴ አለችኝ። ነገርኳት። በየጠዋቱ እንደምነካውና ለምን እንደምነካውም ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም። እርስዎንም ልቅበር? አለችኝ።

በማግስቱ ሐኪም ጋራ ሰፈር የሚኖረውን የመብራት ሠራተኛ ያሬድን አስጠራሁት። ለሥራ ከሌላ አገር መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ትናንት መጥቶ መፈተሻ ቴስተሩን ትሪው ላይ ሲያስነካው መብራቱ ቦግ አለ። ጋሼ፣ ይኼን በእጅዎ ነክተዋል? ጫማዎ ምን ነበር? አለኝ። የላስቲክ ጫማዬን አሳየሁት። በሉ ይህን ጫማ ይሳሙት አለኝ። ምስማርሽ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ሽፋኑን ልጦት ኖሯል። ትሪውን አውርደን ስንመልሰው ይበልጥ ገባ፣ የኖራው እርጥበት ደግሞ የቀረውን ሠራው። ስለዚህ ጥፋቱ በሙሉ ያንቺ ነው። ይህንን ለመጻፍ ዓመት ሙሉ ስጠብቅ የነበርኩ ይመስለኛል፤ እንደጠበቅኩት አልጣፈጠኝም።

የሞቀው ሶኬት ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፣ ሽቦው ላልቷል። ኢንጂነሩ መባሌን ሰምቶ ነው መሰለኝ ሥራ አከፋፈለኝ። አምፖል ይቀይሩ፣ ዲቫይደሩ ላይ የተደራረበውን መሰኪያ ይንቀሉ፣ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የጎረቤትን ይዩ፤ የሰፈሩ ሁሉ ከጠፋ የቤትዎ ችግር አይደለም። ብሬከር ከወደቀ ግን አንዴ ብቻ ያንሱት። ደግሞ ከወደቀ የሚወድቀው ስላመመው ነውና ይተዉት፣ ይደውሉ። የሚነዝር ግድግዳ፣ የሚሸት ሶኬት፣ የሚንጣጣ ማብሪያ የእርስዎ ካቻቢቴ አይደርስባቸውም፤ ሽቦውን በናስትሮ ጠቅልዬ አልፋለሁ እንዳይሉ። በጨዋ ደንብ ሰደበኝ ማለት ነው። ዋናውን አወረደና፣ ግድግዳው ይከፈታል፣ ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ሌላ መስመር ይዞ ይወጣል፣ እዚያ ላይ ምስማር የሚባል ነገር አይመታም ብሎኝ ሄደ።

ዛሬ ጠዋት ሳህኖችሽን አወረድኩ። ያሬድ ሊያወርዳቸው ነበር፤ የሌላ ሰው እጅ እንዲነካቸው አልፈለግኩም። ከዳር ጀምሬ መጣሁ። ትሪውን ለመጨረሻ አቆየሁት። መብራቱ ጠፍቷልና አትስጊ፤ በሁለት እጄ ያዝኩት። ቀዝቃዛ ብረት ነው። ምንም አላለኝም። ብዙ ቆምኩ።

እንግዲህ እንደምታዪው ግድግዳሽ ባዶ ነው። ነጭ ኖራ ላይ ምስማሮችሽ ብቻ። ስትመቻቸው አጠገብሽ ቆሜ ስነተርክሽ ስለነበር የትኛው ሳህን የት እንደነበረ አይጠፋኝም። ሌላ ግድግዳ ላይ እደረድራቸዋለሁ፤ ጠማማ ይሆናል፣ ትተቺኛለሽ። አንቺን ለማስታወስ መነዘር አያስፈልገኝም ነፊሳ። ይኼን ለማወቅ ልጃችን እጇን እስክትዘረጋ መጠበቅ አልነበረብኝም። የሚወለደው ልጅ አያቱን ከእኔ ይሰማታል፤ ቀልድሽንም፣ ቁጣሽንም፣ ምንም ሳልቀንስ። በዚህ ቃሌ እመኚኝ።

አሁንም አልመጣም። የአስር ሰላት እየቀረበ ነው። ወጥቼ ልጠይቅ ብል እኔ ስወጣ ቢመጣስ?

በሩ ተንኳኳ። ያሬድ ይሆናል።

አይደለም። ያሬድ አጎቴ አይለኝም። የሒክማ ድምፅ ነው፤ ደክሟታል፣ ባሏ ቀስ በይ፣ ደረጃ አለ ይላታል። ሳምንት ቀርቷት አልነበረም እንዴ? ሲደውሉልኝ ውለው ይሆናል።

ነፊሳ፣ ሕፃን እያለቀሰ ነው። መብራት የሌለው ቤት ነው የሚገቡት፣ ይግቡ፤ ለምሽቱ የእጅ ባትሪ አለኝ። ያሬድ ሳይመጣ ብሬከሩን ማንም አያነሳውም፣ እሷ ራሷ ብትለምነኝም። ልክፈትላቸው።